የውሃ ጥራት መለኪያ ፕሮብ ካሊብሬሽንና አያያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ)፣ ኢሲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ፣ የጨውነቱ ምልክት)፣ ድፍርስነት፣ የሟሟ ኦክስጅንና ፍሎራይድ በመስክም ሆነ በላቦራቶሪ ለሚለኩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ።

ካሊብሬት ማድረግ ማለት በትክክል ምን ማለት ነው? አዲስ መሣሪያስ ያስፈልገዋል?

ፕሮብ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሚነከረው የመለኪያው ክፍል፣ ከውሃው የሚቀበለው ኤሌክትሪክ እንጂ ፒኤች ወይም ጨው አይደለም። ያንን ኤሌክትሪክ ወደ ፒኤች 7.4 ወይም ወደ ኢሲ 650 የሚመነዝረው መለኪያው ነው፤ ምንዛሪውን የሚያውቀው ደግሞ ዋጋቸው አስቀድሞ የታወቀ ስታንዳርድ ፈሳሾችን ስታሳዩት ነው። ካሊብሬሽን ይኸው ነው። ከፋብሪካ የመጣ አዲስ ኤሌክትሮድም (የፕሮቡ የሚለካው ክፍል) በጉዞና በመጋዘን ቆይታ ስለሚለወጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ካሊብሬት መደረግ አለበት።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ካሊብሬሽን ጥገና አይደለም። የቆሸሸ ወይም ያረጀ ፕሮብ ካሊብሬት ሲደረግ መለኪያው ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ስታንዳርዱ ላይ ልክ ያነባል፣ የጉድጓዱ ውሃ ላይ ሲደርስ ይዋሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ካሊብሬት ማድረግ፣ በመጨረሻ መልሶ ማረጋገጥ ነው።

በስንት ጊዜው ልሥራው?

ፒኤች እና ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ያለው የኦክስጅን ፕሮብ በምትለኩበት ቀን ሁሉ፣ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት። ኢሲ ረጋ ያለ ነው፤ በሳምንት አንዴ በ1413 ማይክሮሲመንስ ስታንዳርድ ፈትሹት፣ ከ5 በመቶ በላይ ከራቀ ብቻ ካሊብሬት አድርጉ። የድፍርስነት መለኪያ በየሦስት ወሩ ካሊብሬት ይደረጋል፣ በመሃል በየሳምንቱ በአንድ ስታንዳርድ ይፈተሻል። ፍሎራይድ በእያንዳንዱ የምርመራ ዙር፣ ዙሩ ከረዘመ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ።

መፈተሽና ካሊብሬት ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ፕሮቡን ፒኤች 7 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ ስታንዳርድ ፈሳሽ) ውስጥ ስትነክሩት ከ6.95 እስከ 7.05 ካነበበ ምንም ቁልፍ አትንኩ። ማታ ስትመለሱም እንደገና ነክራችሁ እዩት። ጠዋት 7.01 የነበረው ማታ 7.25 ከሆነ የዚያ ቀን ንባብ በሙሉ አጠራጣሪ ነው፤ ይህንን የሚነግራችሁ የማታው ፍተሻ ብቻ ነው። መዝገብ ላይ ቀኑን፣ የበፈሩን ሙቀት፣ ስሎፑን፣ ኦፍሴቱን (ሁለቱም ከታች ተብራርተዋል) እና በፈሩ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ።

የፒኤች ካሊብሬሽን ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል? ሁለት በፈር ይበቃል?

የምትለኩት ውሃ በሁለቱ በፈሮች መካከል ከወደቀ ሁለት ይበቃል። አሲዳማ ለሆነ ውሃ 7 እና 4፣ ከ7 በላይ ለሆነ ውሃ 7 እና 10 ውሰዱ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ሦስቱንም ተጠቀሙ። በ4 እና በ7 ብቻ የተስተካከለ መለኪያ 8.6 ሲያነብ፣ ከ7 በላይ ያለውን መንገድ በግምት ነው የሚሄደው።

ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር በፈር በትንሽ ንጹሕ ኩባያ ቅዱ፤ ፕሮቡን በፍጹም ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩ። ፕሮቡን በዲስትልድ ውሃ አለቅልቃችሁ ጫፉን በሶፍት ነካ ነካ በማድረግ ብቻ አድርቁት። መስታወቱን መወልወል ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳድርበት ንባቡ ለደቂቃዎች ይንከራተታል። መሙያ ቀዳዳ ያለው ኤሌክትሮድ ከሆነ ቀዳዳውን ክፈቱ፤ የውስጡ ፈሳሽም ከምትለኩት ውሃ ወለል ከፍ ያለ መሆኑን እዩ። ከ7 ጀምሩ፣ በቀስታ አማስሉ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቃችሁ አጽድቁ። አለቅልቃችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ሲያልቅ አዲስ የ7 በፈር ቀድታችሁ እንደ ናሙና አንብቡት። አሥር ደቂቃ ለማትረፍ ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ኩባያ ውስጥ የቀረውን በፈር ድፉት፤ ወደ ጠርሙሱ የሚመልሰው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ጠርሙሱን በሙሉ ያጣል።

ፕሮቡን በዲስትልድ ውሃ ውስጥ ባስቀምጠው ምን ችግር አለው? ንጹሕ ውሃ አይደለም እንዴ?

ችግሩ ንጽሕናው ነው። በፒኤች ኤሌክትሮድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ ጨው ወደሌለበት ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየወጣ ያልቃል፣ የመስታወቱም እርጥብ ሽፋን ይጎዳል። ትክክለኛው ማስቀመጫ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ በቤት ለማዘጋጀት 22.4 ግራም በዲስትልድ ውሃ አሟሙታችሁ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፖንጅ እስኪረጥብ ወይም የመስታወቱ ጫፍ እስኪሸፈን ድረስ ይበቃል። ለጊዜው ካጣችሁ ፒኤች 4 በፈር ይሻላል፣ እሱም ከሌለ የቧንቧ ውሃ ከዲስትልድ ይሻላል።

ክዳኑ ዙሪያ ነጭ የጨው ቅርፊት ካያችሁ አትደንግጡ፣ አለቅልቁት። ደርቆ ካገኛችሁት በማስቀመጫው ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉትና በማግስቱ ስሎፑን እዩ። ኢሲ ፕሮብ ግን ሌላ ነው፤ አጥባችሁ ደረቁን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ኦፕቲካል (በብርሃን የሚለካ) የኦክስጅን ፕሮብ እርጥብ ስፖንጅ ባለበት ክዳን ውስጥ ይቀመጣል።

ዲስትልድ ውሃ በአቅራቢያችን የለም። የባትሪ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ይሆናል?

የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድን አለው። ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገዛ የባትሪ ውሃ ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ አሲድ የተጨመረበትን ግን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ኢሲ ፕሮባችሁን ንከሩበት። ከ5 ማይክሮሲመንስ በታች ካነበበ ለማለቅለቅም ለበፈር ዱቄት ማሟሚያም ይሆናል። ከ5 እስከ 20 ከሆነ ለማለቅለቅ ብቻ። በመቶዎች ወይም በሺዎች ካነበበ መልሱት። ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ የጣራ ዝናብ ውሃ ከቆርቆሮውና ከአቧራው ስለሚያነሳ አትመኑበት።

የተከፈተ በፈር ለስንት ጊዜ ያገለግላል?

ፒኤች 4 እና 7 ክዳናቸው በደንብ ከተዘጋ ከተከፈቱ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያሉ። ፒኤች 10 ግን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ፒኤቹ ይወርዳል፤ ከአንድ ወር በላይ አትመኑት። የመስክ ሥራ የሚበዛበት ቡድን በከረጢት የታሸገ የአንድ ጊዜ በፈር ቢገዛ ይሻለዋል፤ በሊትር ሲሰላ ውድ ቢመስልም የሚጣለው ጠርሙስ ሲታሰብ ይካካሳል። ሻጋታ ያበቀለ ወይም የደፈረሰ በፈር ያለ ክርክር ይደፋል።

ስሎፕ እና ኦፍሴት የሚባሉት ምንድን ናቸው? መለኪያዬ ስሎፕ ባያሳይስ?

ጤነኛ ኤሌክትሮድ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 ላይ 0 ሚሊቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ ፒኤቹ በአንድ በተለወጠ ቁጥር 59.16 ሚሊቮልት ይለወጣል። ፒኤች 7 ላይ ከዜሮ የራቀበት መጠን ኦፍሴት ነው፣ የለውጡ መጠን ደግሞ ስሎፕ። ኦፍሴቱ በ30 ሚሊቮልት ውስጥ፣ ስሎፑ ከ95 እስከ 102 በመቶ ከሆነ ሥራችሁን ቀጥሉ። ከ90 እስከ 95 መካከል ከሆነ አጽዱት። አጽድታችሁም ከ90 በታች ከቀረ ኤሌክትሮዱ አብቅቷል። የፒኤች ኤሌክትሮድ የተለመደ ዕድሜ አንድ ዓመት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፤ ሳይሠራ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ያረጃል፣ ስለዚህ በበጀት መዝጊያ ለአምስት ዓመት የሚሆን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

መለኪያችሁ ስሎፕ ባያሳይም ሚሊቮልት የሚያሳይ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ፒኤች 7 በፈር ላይ የተነበበውን ከፒኤች 4 ላይ ከተነበበው ቀንሱና ለ177 አካፍሉ። ለምሳሌ በ7 ላይ −12፣ በ4 ላይ 158 ካነበበ ልዩነቱ 170 ነው፤ 170 ሲካፈል ለ177፣ 96 በመቶ። ይህ ኤሌክትሮድ ደህና ነው። በሁለቱም በፈር ተመሳሳይ ሚሊቮልት ከሰጠ መስታወቱ ተሰንጥቋል ወይም ሽቦው ተቋርጧል፤ አጉልታችሁ እዩት።

ንባቡ አይረጋም፣ ወይም ለመርጋት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። እንዴት ላጽዳው?

ማጽጃው እንደ ቆሻሻው ይለያያል። ለቅባት ዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። ለኖራ ቅርፊትና ከጉድጓድ ውሃ ለሚመጣ የብረት ዝገት 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 15 ደቂቃ፤ 8.3 ሚሊ ሊትር የ37 በመቶ አሲድ ወደ ውሃ ጨምራችሁ አንድ ሊትር ሙሉት። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። አሲድ ካልተገኘ አቼቶ ለግማሽ ሰዓት ይሠራል። ለአልጌና ለዝልግልግ በረኪና አንድ እጅ በውሃ አሥር እጅ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። በረኪናና አሲድ በአንድ ዕቃ ወይም ሳይታጠቡ በተከታታይ አትጠቀሙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው።

ከማንኛውም እጥበት በኋላ በዲስትልድ ውሃ አለቅልቃችሁ በማስቀመጫው ፈሳሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ። ወዲያው ከተነከረ ቁጥሩ ይንሸራተታል፤ ጽዳቱ አልሠራም ብሎ ኤሌክትሮድ የሚጥል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሰዓት ያልጠበቀ ነው። መስታወቱን በብሩሽ አትፈግፍጉ። ብዙ ጊዜ የሚደፈነው መስታወቱ ሳይሆን በጎኑ ያለችው ነጭ የሸክላ ነጥብ ናት፤ በኤሌክትሮዱ ውስጥና በውሃው መካከል ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። እሷ ከጠቆረች በለብ ያለ የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አቆዩት።

መለኪያዬ ሙቀቱን በራሱ ያስተካክላል። ታዲያ ስለ ሙቀት ምን ያስጨንቀኛል?

ራስ ሰር ማስተካከያው የሚያርመው የኤሌክትሮዱን ስሎፕ ነው፤ በ20 ዲግሪ 58.2፣ በ25 ዲግሪ 59.2 መሆኑን ያውቃል። የበፈሩን ዋጋ ግን መለኪያው የሚያውቀው ሠንጠረዡ ከተጫነለት ብቻ ነው። 10.01 የተጻፈበት በፈር በ20 ዲግሪ 10.06 ነው። ቁጥሩን በእጅ የምታስገቡ ከሆነ ከጠርሙሱ ጀርባ ካለው ሠንጠረዥ በዕለቱ ሙቀት ያለውን አንብቡ። በመኪና ጋቢና የሞቀ በፈርና ከምንጭ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ጎን ለጎን አይለኩም፤ ሁለቱም በጥላ ሥር ተቀራራቢ ሙቀት እስኪይዙ ጠብቁ።

ኢሲ ፕሮብ በ1413 ልክ ያነብ ነበር፣ ዛሬ 1850 አለኝ። ተበላሽቷል?

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ስታንዳርዱ ነው። ከፒኤች ፕሮቡ ክዳን የወደቀች አንዲት ጠብታ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ በ50 ሚሊ ሊትር ስታንዳርድ ውስጥ ብትገባ ንባቡን ከ400 ማይክሮሲመንስ በላይ ከፍ ታደርገዋለች። ሁሉንም ፕሮብ በአንድ ዘንግ ላይ በያዘ መለኪያ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፤ ሁልጊዜ ኢሲን ከፒኤች በፊት ካሊብሬት አድርጉ፤ ፕሮቡን በስታንዳርዱ ራሱ ሁለት ጊዜ አለቅልቃችሁ ያንን ደፍታችሁ በሦስተኛው አንብቡ።

ንባቡ ከ1413 ያነሰ ከሆነ ግን ጠርጥሩ፤ በኤሌክትሮዶቹ መካከል የአየር አረፋ ተይዟል ወይም ቅርፊት አለ። ፕሮቡን አንዴ ነካ ነካ አድርጉትና ከፍ ዝቅ አድርጉት። 1278 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ሙቀቱን እዩ፤ ይኸው ስታንዳርድ በ20 ዲግሪ ያለ ማስተካከያ የሚያነበው ያንን ነው። ስታንዳርዱን ራሳችሁ ለማዘጋጀት በ105 ዲግሪ የደረቀ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.7456 ግራም መዝናችሁ በዲስትልድ ውሃ አንድ ሊትር ሙሉት፤ በ25 ዲግሪ 1413 ማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ጥቁር የፕላቲነም ሽፋን ያለው ኤሌክትሮድ በጥጥም በብሩሽም አይነካም።

የአንድ ቦኖ ውሃ በአንዱ መለኪያ 500፣ በሌላው 700 ቲዲኤስ (በውሃው የሟሟ ጠቅላላ ጠጣር) ያሳያል። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም አንድ ነገር ነው የለኩት። እነዚህ መለኪያዎች ቲዲኤስን አይለኩም፤ ኢሲን ለክተው በአንድ ቁጥር ያባዙታል። አንዱ 0.5፣ ሌላው 0.7 ተሞልቶለታል፣ ውሃው ደግሞ 1000 ማይክሮሲመንስ ነው። ሪፖርት ስትጽፉ ኢሲውን ጻፉ፤ ቲዲኤስ ግድ ከተባለ የተባዛበትን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ሁለት መሥሪያ ቤት ስለ አንድ ጉድጓድ የተለያየ ቁጥር ይዞ ሲከራከር መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የድፍርስነት መለኪያዬ ከማጣሪያ በወጣ ንጹሕ ውሃ ላይ 2 ወይም 3 ኤንቲዩ (የድፍርስነት አሃድ) ያነባል። ከየት መጣ?

ከብልቃጡ ጀምሩ። የጣት አሻራ፣ ጭረት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት ብልቃጡ ላይ የሚቋጠር ላብ፣ የአየር አረፋ፤ እያንዳንዳቸው ብርሃኑን ይበትናሉ፣ መለኪያው ደግሞ የተበተነ ብርሃን ሁሉ ድፍርስ ይመስለዋል። ብልቃጡን በክዳኑ በኩል ያዙት፣ በናሙናው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ ውጪውን አድርቁ፤ አንድ ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ቀብታችሁ ክር በማይተው ጨርቅ በስሱ አሰራጩት። ብልቃጡ ላይ ያለውን ምልክት ሁልጊዜ ከመለኪያው ምልክት ጋር አግጥሙ። ሁለት ደቂቃ ታግሣችሁ አረፋው ሲወጣ አንብቡ። በክሎሪን ለማከም ውሃው ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ በ2 እና በ0.5 መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት ላይ ልዩነት ብቻ አይደለም።

ለካሊብሬሽን ፎርማዚን የሚባለው ድፍርስ ስታንዳርድ ይሠራል። ከ4000 ኤንቲዩ ክምችት 0.5 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 100 ሚሊ ሊትር ብትሞሉት 20፣ 2.5 ሚሊ ሊትር 100፣ 20 ሚሊ ሊትር 800 ኤንቲዩ ይሆናል። የቀጠነው አይቆይም፤ በዚያው ቀን አዘጋጅታችሁ በዚያው ቀን ድፉት። ፎርማዚን የሚሠራበት ኬሚካል ለጤና ጎጂ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ በአፍ በፒፔት አትሳቡ። ከመለኪያው ጋር በሳጥን የሚመጡት የጄል ብልቃጦች ለሳምንታዊ ፍተሻ ናቸው፤ ካሊብሬት ባደረጋችሁ ዕለት የየራሳቸውን ንባብ መዝግቡ፣ በኋላ የምታወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው።

አዲስ አበባ ላይ የኦክስጅን ፕሮብ 9 ሚሊ ግራም በሊትር ካነበበ ልመነው?

በ20 ዲግሪ ሙቀት አትመኑት። 9.1 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከ570 እስከ 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በዚህ ግፊት በ20 ዲግሪ ውሃ ከአየር የሚይዘው 6.8 ገደማ ብቻ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ወደ 7.3 ይሆናል። መለኪያው 760 ተሞልቶለት ካሊብሬት ከተደረገ የምታነቡት ሁሉ በሲሦ የተጋነነ ነው፤ የቆሮሶ ኩሬ ውስጥ እውነተኛው 3 ሆኖ መለኪያው 4 ይላል፣ ዓሣው ግን አፉን ወደ ወለሉ አውጥቶ ይቃትታል። ድፍርስ በሌለው ውሃ ላይ በቀትር አልጌ ኦክስጅን ሲያመርት ከዚህ በላይ ሊነበብ እንደሚችልም አትርሱ።

ግፊቱን ከየት ታገኛላችሁ? መለኪያው ባሮሜትር ካለው ከእሱ። ከአየር ትንበያ ወይም ከስልክ መተግበሪያ የሚገኘው 1015 ሄክቶፓስካል ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ስለሆነ በጭራሽ አታስገቡት። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ውሃ ወይም እርጥብ ስፖንጅ አድርጋችሁ ፕሮቡን ውሃውን ሳይነካ ከላይ አንጠልጥሉት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁና ካሊብሬት አድርጉ። ሜምብሬኑ ላይ የውሃ ጠብታ አይኑር። አንዳንድ መለኪያ ሲጨርስ 100 በመቶ፣ ሌላው 76 በመቶ ያሳያል፤ ሁለተኛው ከባሕር ጠለል ጋር እያወዳደረ ነው፣ ስህተት የለበትም።

ሜምብሬኑ ከተጨማደደ፣ ከተቀደደ ወይም ከሥሩ አረፋ ከታየ ከኤሌክትሮላይቱ ጋር ቀይሩት፤ በዘወትር አጠቃቀም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ነው። ይህ ዓይነት ፕሮብ ኦክስጅኑን እየበላ ስለሚለካ በቆመ ውሃ ውስጥ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እያማሰላችሁ አንብቡ። ኦፕቲካሉ ማማሰል አይጠይቅም። ዜሮውን ለመፈተሽ 10 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ንከሩት፤ በጥቂት ደቂቃ ከ0.5 በታች መውረድ አለበት። በኋላ በደንብ አለቅልቁት፣ የቀረች ሰልፋይት የቀጣዩን ናሙና ኦክስጅን ታጠፋለች።

በበፈር ልክ ነው፣ በደጋ ምንጭ ውሃ ላይ ግን ፒኤቹ ይዋልላል። ለምን?

ኢሲው ከ100 ማይክሮሲመንስ በታች የሆነ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሻግርም፤ በፈር ደግሞ በጨው የተሞላ ስለሆነ ይህን ድክመት አያሳይም። ኤሌክትሮዱን በምንጩ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልታችሁ አየር እንዳይነካው አድርጉ፣ አማስላችሁ አቁሙና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። መሙያ ቀዳዳ ያለው ኤሌክትሮድ ውስጡ በጄል ከተሞላው የተሻለ ያደርጋል። ናሙናውን በጀሪካን ይዞ ከተማ መመለስ ዋጋ የለውም፤ በመንገድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ፒኤቹ ከፍ ይላል።

ሻላ ወይም አቢያታ ላይ ስንለካ ናሙናውን በኋላ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ከእኛ ከፍ ያለ ፒኤች ያገኛል። የማን ነው ስህተቱ?

እነዚህ ሐይቆች ፒኤቻቸው ወደ 10 የሚጠጋ፣ በሶዲየም ካርቦኔት የበለጸጉ ናቸው። ተራ መስታወት ያለው ኤሌክትሮድ በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሶዲየሙን በከፊል እንደ ሃይድሮጅን ስለሚቆጥረው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ለከፍተኛ ፒኤች የተሠራ፣ የሶዲየም ስህተቱ አነስተኛ የሆነ ኤሌክትሮድ ጠይቁ፤ በ7 እና በ10 ካሊብሬት አድርጉ፤ የ10 በፈሩን በዚያው ጠዋት ክፈቱ። ያረጀ የ10 በፈርም ልዩነት ያመጣል፤ ግን ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው። ወደ 9.9 የወረደውን በፈር 10.01 ነው ብላችሁ ካስገባችሁ ናሙናው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። የእናንተ ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሮዱ፣ የላቦራቶሪው ከፍ ካለ የእነሱ በፈር ነው።

ኢሲውንም በ1413 አስተካክላችሁ እዚያ አትለኩ። 12.88 ሚሊሲመንስ ያለውን ስታንዳርድ ተጠቀሙ፤ 7.456 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ በሊትር ማለት ነው።

የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ከማጣሪያው በወጣው ውሃ ላይ 0.6 ያነባል፣ ሌላ ላቦራቶሪ ግን 2 አለ። እንዴት ይሆናል?

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በአሉም ከሚሠራ ማጣሪያ፣ በተለይ ናልጎንዳ ከሚባለው ዘዴ ነው። አሉም የሚተወው አሉሚኒየም ፍሎራይዱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ኤሌክትሮዱ የሚያየው ደግሞ ነጻውን ፍሎራይድ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሳይቀንስ ቁጥሩ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በመሆኑ እንዲህ ያለው ስህተት ያልሠራን ማጣሪያ የሠራ ያስመስላል። መድኃኒቱ ቲሳብ የሚባለው ማስተካከያ ፈሳሽ ነው፤ ናሙናና ቲሳብ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ ከስታንዳርዶቹም ጋር ያንኑ መጠን ጨምሩ። ሲዲቲኤ ያለበትን ዓይነት ምረጡ፣ አሉሚኒየሙን ከፍሎራይዱ የሚያላቅቀው እሱ ነው። ከአሉም ማጣሪያ የመጣ ናሙና ከተቀላቀለ በኋላ ወዲያው አይነበብ፤ አቆዩትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ገና እየተላቀቀ ነው። አሉሚኒየሙ ከአምስት ሚሊ ግራም በሊትር ካለፈ ናሙናውን በዲስትልድ ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙት።

ለስታንዳርድ የደረቀ ሶዲየም ፍሎራይድ 0.221 ግራም በአንድ ሊትር አሟሙ፤ 100 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ከእሱ 1 እና 10 ሚሊ ግራም በሊትር አዘጋጁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ54 እስከ 60 ሚሊቮልት መሆን አለበት፤ ፍሎራይዱ ሲጨምር ሚሊቮልቱ ይቀንሳል፣ ተገላቢጦሹን ካያችሁ ኩባያዎቹን አቀያይራችኋል። የ1.5 ሚሊቮልት መንሸራተት 6 በመቶ ያህል ስህተት ስለሆነ ስታንዳርዱና ናሙናው አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑራቸው። ዕቃው ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን። ክሪስታሉ ከደበዘዘ ወይም ንባቡ ከዘገየ በጣታችሁ ጫፍ ትንሽ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንዶች አሹት፣ አጥባችሁ በ1 ሚሊ ግራም ስታንዳርድ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ስሎፑን እንደገና ለኩ።